አይሱዙ የገጨው እግረኛ፦ የባለመኪናው የሽምግልና ወረቀት ይፈረም ወይስ ይቆይ?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዕድሜው 35 ነው፤ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ በግሉ ይሠራል። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ዜብራ ላይ አይሱዙ ገጨው። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ሁለቱም አጥንት ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል፤ ጭንቅላቱም ተሰፍቷል። ሾፌሩ አላመለጠም፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) አንስቷል። ሾፌሩ ተቀጣሪ ነው፣ መኪናው የሌላ ሰው።

አሁን ባለመኪናው ሽማግሌ ልኮ 80,000 ብር ልስጥና "ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም" ብሎ ይፈርምልኝ ይላል። "ኢንሹራንስ ከ40,000 በላይ አይከፍልም፣ ፍርድ ቤት ብትሄዱም የምታገኙት እሷኑ ነው፤ ደግሞ ያጠፋው ሾፌሩ ነው፣ እሱን ክሰሱ" ብለውናል። እውነት ነው? ለሕክምና እስካሁን 140,000 ብር ገደማ ወጥቷል። ምን ማስረጃ ነው መያዝ ያለብን?

ነገረ ፈጅ፦
እግዜር ይማረው። ወረቀቱ በዚያ አባባል አይፈረም። "ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል የስምምነት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው ፍርድ ያህል ኃይል አለው። ነገ አጥንቱ አልያያዝ ብሎ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልገው መመለሻ የለም። በሦስት ሳምንት ውስጥ የጉዳቱን ልክ ሐኪሙ ራሱ አያውቀውም፤ እናንተ በምን አውቃችሁ ትፈርማላችሁ?

ሽማግሌዎቹን ግን በክፉ አትመልሷቸው፤ ገንዘቡን መቀበል ይቻላል። የደረሰኙ ቃል ይህን ይምሰል፦ "በዚህ ቀን በሰሌዳ ቁጥር ይህ ተሽከርካሪ በደረሰብኝ ጉዳት ምክንያት ለሕክምና ወጪ በቅድሚያ የተከፈለኝ፣ ወደፊት ከሚወሰነው ጠቅላላ ካሳ ላይ የሚታሰብ፣ ቀሪ መብቴን የማይነካ።" በባንክ ይግባ። ባለመኪናው በዚህ ቃል አልከፍልም ካለ የገንዘቡ ዓላማ ምን እንደነበረ ይገባችኋል።

የሚቸኩሉበት ሌላም ምክንያት አለ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ተከሳሽ መጸጸቱና ተጎጂን መካሱ ቅጣት ማቅለያ ይሆንለታል። ስለዚህ የዕርቅ ወረቀት ለሾፌሩ ዋጋ አለው፤ የመደራደር አቅሙ እነሱ ዘንድ ብቻ አይደለም።

"ሾፌሩን ክሰሱ" ለሚለው፦ ሾፌሩን ትከሳላችሁ፣ ባለመኪናውንም አብራችሁ ትከሳላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። "እኔ አላጠፋሁም" መከላከያ አይሆነውም። የቀረው መውጫ የተጎጂው ጥፋት ነው (2086)፤ ስለዚህ ዜብራ ላይ መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ ወርቅ ነው። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣም የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ አይታሰርም (2149)።

ስለ 40,000 ብሩ፦ ይህ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለሦስተኛ ወገን መድን ተቀምጦ የነበረ የመድን ሽፋን ጣሪያ ነው እንጂ የካሳ ጣሪያ አይደለም። መድን ሰጪው እስከ ሽፋኑ ልክ ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ባለቤቱና ሾፌሩ ይከፍላሉ። የካሳው ልክ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው (2091)።

ስሌቱ በግርድፉ እንዲህ ይሄዳል። የተጣራ ገቢው በወር 9,000 ብር ነው፣ የሕክምና ቦርድም የመሥራት ችሎታው 20 በመቶ ቀንሷል አለ እንበል። በወር 1,800፣ በዓመት 21,600 ብር ማለት ነው። እስከ 60 ዓመቱ 25 ዓመት ስላለው 540,000 ብር ይመጣል። አምስት ወር ከሥራ ከዋለ ሌላ 45,000፤ ደረሰኝ ያለው ሕክምና 140,000፤ ብረቱን ማስወጫ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልግ ሐኪሙ ካረጋገጠ ወደፊት ቢሆንም ከሐኪም ደብዳቤ ጋር አሁኑኑ ይጠየቃል (2092)። ፍርድ ቤት ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስለሚከፈልና ገቢው በቁርጥ ስለማይታወቅ በርትዕ (ፍትሐዊ በመሰለው ግምት) ሊቀንሰው ይችላል (2102)፤ 540,000ው ሳይነካ ይወጣል ብላችሁ አትጠብቁ። የኅሊና ጉዳት ካሳ ደግሞ በ1952 ሕግ ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ዛሬ ለትራንስፖርት አይበቃም፣ ግን መጠየቁ አይጎዳም።

ይርጋው (የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ) ሁለት ዓመት ነው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ (2143)። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስጠይቅና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የረዘመ ከሆነ በረዥሙ ይታያል፤ ቢሆንም እሱን ተማምኖ መቀመጥ ሰው ያስበላል። ሽምግልናው ሲጓተት ሁለት ዓመት ሞልቶ ጉዳያቸው የተዘጋባቸው ብዙ ናቸው።

አጥንት ክፍል፦
ሕጉን ለባለሙያው ትቼ ስለ ታማሚው ልናገር፤ ሦስተኛ ሳምንት ላይ የሚዘናጉበት ነገር አለ።

መጀመሪያ ጭንቅላቱ። ቁስሉ ድኖ ስፌቱ ወጥቶ እያለ ውስጥ በዝግታ የሚጠራቀም ደም ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ማብዛት፣ ማስመለስ፣ የንግግር መኮላተፍ፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሲቲ ስካን ወዳለበት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አቤት ሆስፒታል፣ አለርት ወይም ጥቁር አንበሳ ይሆናል።

ሁለተኛ እግሩ። ባት ላይ አዲስ እብጠትና ሕመም፣ ከዚያ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ይህም የድንገተኛ ነው። ከስፌቱ መግል መውጣት፣ ትኩሳት፣ ቀይ እየሆነ የሚሰፋ ቆዳ ካለ ብረቱ አካባቢ ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ይሆናል። ማስታገሻ ቤት ውስጥ እየዋጡ መቆየት አጥንቱን ያበላሸዋል።

ወጌሻ ጋ እንዳትወስዱት። ብረት የገባበትን እግር ማሸት ጉዳት ብቻ ነው። ብረት ያልገባለትም ቢሆን በሸንበቆ ወይም በጣውላ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ደም መመላለሱን ያቆማል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ምርጫ መቁረጥ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የታሰረ እግር ከስብራቱ የማይመጣጠን ሕመም ካመጣ፣ በተለይ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ከባሰ፣ ማሰሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ተፈትቶ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

የቅልጥም አጥንት በደንብ እስኪይዝ በተለምዶ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን በፊዚዮቴራፒ ማንቀሳቀስ አለበት። አጥንቱ ገጥሞ ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ስላለ ብቻ መሰላል መውጣት የተሳናቸው አሉ፤ ለበርና መስኮት ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለቦርድ አትቸኩሉ። ሕክምናው ሳያልቅ የሚሰጥ መቶኛ ወይ ይጋነናል ወይ ያንሳል፣ ሌላው ወገንም በቀላሉ ይጥለዋል። አጥንቱ መያያዙ በራጅ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን። ራጆቹን፣ ቀዶ ጥገናው ምን እንደተሠራበት የሚገልጸውን ወረቀትና የመውጫ ማጠቃለያውን ቅጂ አሁን ውሰዱ፤ ፊልሙን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ በስልክም አንሱት።

የክፍያ ዴስክ፦
ከመድን በኩል ሁለት ነገር ብቻ። የመድን ሰጪውን ስምና የፖሊሲ ቁጥር ከፖሊስ መዝገቡ ላይ ቅዱ፣ አደጋው የደረሰበት ቀን በውሉ ዘመን ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። የሽፋን ጣሪያም ሲጠየቅ "አደጋው በደረሰበት ቀን ተፈጻሚ የነበረው ስንት ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ 40,000 የሚለው ቁጥር ከ2005 አዋጅ ጀምሮ በሰው አፍ የቀረ ስለሆነ ሽማግሌ የነገራችሁን አትያዙ።

መኪናው ሦስተኛ ወገን ባይኖረው ወይም ገጭቶ አምልጦ ሰሌዳው ባይታወቅ ኖሮ ለአካል ጉዳት የሚጠየቀው መድን ፈንዱ ነበር፤ ዛሬ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሥር ነው። ያኔም ቢሆን የፖሊስ ማስረጃ ከሌለ ምንም አይንቀሳቀስም። ለሌላ ጊዜ የሚያነብ ካለ፦ ማንኛውም የጤና ተቋም ለአደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት፣ በ2005ቱ አዋጅ እስከ 2,000 ብር የሚሆነው በመድኑ ይሸፈን ነበር፤ የዛሬውን ልክ ጠይቁ። "ቅድሚያ ክፈሉ" ሲባል ይህን አስታውሱ።

ቆሪጡ፦
ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ባለመኪናው ከአይሱዙዋ ሌላ ንብረት ባይኖረውስ? ክሱ አንድ ዓመት ተኩል ሲጓተት መኪናዋ ተሸጣ፣ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። 80 ሺህ በእጅ ይሻላል የሚል ሰው ሞኝ አይደለም።

የጀሞዋ፦
እኛንም ያስጨነቀን እሱ ነው። ሌላም አለ፦ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም እንደሆነ ሰምተናል፣ ይሄኛው በውክልና የገዛው ነው አሉ። ገቢውን የሚያሳይ ደመወዝ ወረቀትም የለንም።

ነገረ ፈጅ፦
ቆሪጡ ያነሳው እውነተኛ ስጋት ነው፣ መልሱ ግን ፊርማ ሳይሆን እግድ ነው። ክሱ ሲከፈት በዚያው ቀን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት የመኪናው ስመ ሀብት ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ እግድ ይጠየቅ፤ ንብረት ሊሸሽ ነው የሚል ማስረጃ ካለ ደግሞ በ151 ከፍርድ በፊት ማስከበር አለ። ትእዛዙ ለተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት በእጅ ደርሶ ፋይሉ ላይ መያያዙን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ትእዛዝ ወጥቶ መዝገብ ቤት ሳይደርስ መኪና የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። አስቀድሞ ግን መኪናው በባንክ ዕዳ ተይዞ እንደሆነ አጣሩ፤ ከተያዘ ባንኩ ይቀድማችኋል፣ ያኔ የድርድሩን መጠን እንደገና ታስባላችሁ።

በውክልና የተሸጠ ከሆነ ሁለቱንም ክሰሱ፦ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን እንደ ባለቤት፣ ይህንን ደግሞ መኪናውን ለራሱ ጥቅም እንደያዘ ሰው (2082)። ስመ ሀብቱን ያላዞረው ሻጭ "ሸጫለሁ" ብሎ ይከራከራል፤ ይከራከር፣ እናንተን አይመለከትም። ብዙ ጊዜ የሊብሬው ባለቤት ጥሪ ሲደርሰው ሌላኛውን ገፍቶ ወደ ድርድር ያመጣዋል። መድን ሰጪውንም በተከሳሽነት አካቱ፤ ብትተዉት ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 ይጠራዋል፣ ግን ጊዜ ይበላል።

ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ይቀርባል (ሥነ ሥርዓት 27)። አዲስ አበባ ከሆነ እስከ 10 ሚሊዮን ብር በፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል። የዳኝነት ክፍያው ከአቅም በላይ ከሆነ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል (467)። ሌላው መንገድ በወንጀል ክሱ ላይ መሰማት ሲጀምር ካሳ መጠየቅ ነው (ወንጀል ሥነ ሥርዓት 154)፤ ለትንሽ ጉዳት ይሠራል፣ እንዲህ ቦርድ ለሚጠብቅ ጉዳይ ግን የተለየ ክስ እመርጣለሁ።

ገቢውን ለማስረዳት፦ የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ ካለ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ ሥራ ያሠሩት ደንበኞች የከፈሉት የሞባይል ዝውውር፣ አሉሚኒየምና መስታወት የገዛበት ደረሰኝ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ምስክር፤ ከምስክሮቹ አንዱ በዚያው ሙያ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። የግብር ማሳወቂያው ላይ አነስተኛ ገቢ ተጽፎ ፍርድ ቤት ብዙ ከተጠየቀ ዳኛው ወረቀቱን ያምናል። ይህን አስቀድማችሁ እወቁት።

በዚህ ሳምንት የሚሠራው ይህ ነው፦ የምርመራ መዝገቡን ቁጥርና የፕላኑን ቅጂ ከትራፊክ ፖሊስ ጠይቁ። ፕላኑ ላይ የተገጨበት ነጥብ ከዜብራው በሜትር መለካቱን፣ የፍሬን ጭረቱ ርዝመትና መኪናው የቆመበት ቦታ መጻፉን እዩ፤ ስህተት ካለ አሁን በጽሑፍ አመልክቱ። በአካባቢው ካሉ ሱቆችና ሕንፃዎች የካሜራ ቅጂ ዛሬውኑ ጠይቁ፣ አብዛኛው መቅጃ በራሱ ላይ እየደረበ ስለሚያጠፋ ሦስት ሳምንት ብዙ ነው። ቀረጻው ካለ መርማሪው በደብዳቤ እንዲያስመጣው አድርጉ።

የጀሞዋ፦
ከዜብራው ፊት ለፊት ፋርማሲ አለ፣ ካሜራም አይተናል። ነገ ጠዋት ከመርማሪው ደብዳቤ ይዘን እንሄዳለን። ለሽማግሌዎቹም የደረሰኙን ቃል እንዳለ ገልብጬ እልክላቸዋለሁ።