ክርክር፦ ለካቶሊክ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ካምፓስ ጅማ መሬት በምደባ ትስጥ?

አወያይ፦ ለውይይት የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጅማ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ትምህርት ላይ ያተኮረ ካምፓስ ለመክፈት መሬት ብትጠይቅ፣ ከተማው ያለ ጨረታ በምደባ ሊሰጣት ይገባል ወይስ አይገባም?

የሂርማታ ነዋሪ፦ አይገባም እላለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ በአንድ አጥር በሚኖሩበት ከተማችን ለአንዱ የእምነት ተቋም በምደባ የተሰጠ መሬት ነገ በሌሎቹም መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ አስተዳደሩ ምን ብሎ ይከለክላል? ካምፓሱ መከፈቱን አልቃወምም፤ እንደ ማንኛውም የግል ትምህርት ቤት ባለቤት በጨረታ ይወዳደሩ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ያለውን ጋሊሊዮን እ.ኤ.አ. በ1633 ለፍርድ ያቀረበችው ይህችው ቤተ ክርስቲያን መሆኗም አይዘንጋ።

የፊዚክስ መምህር፦ የጋሊሊዮ ነገር እውነት ነው፤ ሆኖም ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1992 ስሕተቱን በይፋ አምነዋል፤ የዘር ውርስን ሕግ በአተር ያሳየው ሜንዴልም የካቶሊክ መነኩሴ ነበር። አንቀጽ 90ን በተመለከተ፣ ድንጋጌው ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ የሚል እንጂ ትምህርት ቤቱን ማን ይክፈተው የሚል አይመስለኝም፤ የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት እስካስተማረና የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ በማንም ላይ እስካልጫነ ድረስ የባለቤቱ እምነት አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለዓመታት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራው ቁልፍ ዝጎ ስለነበር የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚመለከተውን የኦምን ሕግ ያስተማርኩት ባትሪውንም አምፖሉንም በጠመኔ እየሳልኩ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ፤ እኔ ግን በጠመኔ የተሳለ አምፖል እንደማይበራ ስለማውቅ አልደነገጥኩም።

የኮቺ እናት፦ የመምህሩን ሐሳብ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በአገራችን መልካም ስም አላቸው፤ የአዲስ አበባውን ቅዱስ ዮሴፍ የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ዶን ቦስኮ የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላትም በመቀሌ ብዙ ወጣት ለሙያ አብቅተዋል። ነገር ግን በምደባ የሚሰጠው መሬት የሁላችንም ሆኖ ሳለ፣ የወር ክፍያው ከአቅሜ በላይ ከሆነ ልጄ ያንን ቤተ ሙከራ የሚያየው ከአጥር ውጭ ሆኖ ነው። እስካሁን ማንም ስለ ክፍያ አልተናገረም።

የፊዚክስ መምህር፦ እመቤት፣ ትክክል ነዎት፤ ይህን መጀመሪያ ማንሳት ነበረብኝ። እንግዲያውስ መሬቱ በምደባ ይሰጥ፤ በውሉም ላይ ቤተ ሙከራው ዘወትር ቅዳሜ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ክፍት እንዲሆን ይጻፍ። ከተማችን በመልኮ የቡና ምርምር ማዕከል፣ በዩኒቨርሲቲው ደግሞ የባዮሜዲካል ምህንድስና ትምህርት አላት፤ ከሁለቱ በቅርብ ርቀት የሚማረው የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን መሣሪያ በእጁ ሳይነካ ዓመቱ ያልቃል። ገበሬው ጀንፈሉ (ከነገለፈቱ የሚደርቀው ቡና) መድረቁን የሚያረጋግጠው በእጁ እያንሿሿ ድምፁን በመስማት ነው፤ ቡና ሳይሻግት እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ መሆን እንደሌለበት የተማረ ልጅ ግን መለኪያውን በቅዳሜ ክፍለ ጊዜ ሊሠራውና ለአባቱ ይዞለት ሊሄድ ይችላል።

የሂርማታ ነዋሪ፦ ቅዳሜ ብሎ በውል ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ የኬሚካሉንና የቤተ ሙከራ ሠራተኛውን ወጪ ማን ይችላል? ውሉ ይህን ወጪ የሚሸፍነውን አካል፣ ግዴታው ሲጣስ መሬቱ ለከተማው የሚመለስበትን ጊዜና መስጊድም ሆነ ሌላ ቤተ ክርስቲያን በተመሳሳይ ሁኔታ ሲጠይቅ እኩል እንደሚስተናገድ በግልጽ ካሰፈረ፣ ተቃውሞዬን አነሳለሁ።

የኮቺ እናት፦ በውሉ ላይ የተማሪዎቹ ቁጥርም በአኃዝ ይግባልኝ፤ «ክፍት ነው» ተብሎ አሥር ልጅ ብቻ እንዳይገባ።