የኢንተርፖሌሽን ዶክመንቴሽን ላይ ምን ይጨመር?

ጥያቄ፦ የአንድ አኒሜሽን ላይብረሪ የኢንተርፖሌሽን (የአንድን ክልል ቁጥር ወደ ሌላ ክልል የሚቀይር ስሌት) ገጽ እያሻሻልኩ ነው። አሁን ያለው ምሳሌ አንድ ብቻ ነው፤ ኢንፑት ከ0 እስከ 1፣ አውትፑት ከ0 እስከ 100። ተጠቃሚዎች የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው፦ «ስክሮል ሲደረግ ኦፓሲቲው (የድፍንነት መጠኑ) ለምን ከዜሮ በታች ይወርዳል?»፣ «ቀለሙ መሃል ላይ ለምን ይደፈርሳል?» ምን ልጨምር?

መልስ 1፦ ከማብራሪያው በፊት ሰንጠረዥ አስገባ። ኢንፑት [0, 100, 200]፣ አውትፑት [1, 0.8, 0] ይሁን፦

−50 → 1.1
50 → 0.9
150 → 0.4
250 → −0.4

አንዱን ረድፍ በስሌት አሳይ፤ ለ150፣ (150−100)÷(200−100)=0.5፣ ከዚያ 0.8+0.5×(0−0.8)=0.4። ቁም ነገሩ ግን ከክልሉ ውጭ ያሉት −50 እና 250 ናቸው። ዳር ያለው ቁራጭ ተዳፋቱን ይዞ ስለሚቀጥል ነው ኦፓሲቲው ከዜሮ በታች የሚወርደው። ይህ ኤክስቴንድ ይባላል፤ በሪአክት ኔቲቭ (የሞባይል መተግበሪያ መሥሪያ) አኒሜትድም ዲፎልቱ ይኸው ነው። ክላምፕ ሲደረግ (ውጤቱ ከዳር እሴቱ እንዳያልፍ ሲገደብ) −50 ላይ 1፣ 250 ላይ 0 ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ አድርጋቸው።

መልስ 2፦ ሕጎቹም ይጻፉ። የሁለቱ አሬይ (የቁጥር ዝርዝር) ርዝመት እኩል ይሁን፣ ኢንፑቱ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሂድ። [200, 0] ወደ [0, 1] የሚል ኮድ ሲያጋጥም መፍትሔው ሁለቱንም አብሮ መገልበጥ ነው፦ [0, 200] ወደ [1, 0]። ኢንፑቱን ብቻ የገለበጠ አኒሜሽኑ በተቃራኒው ይሄድበታል፤ ኤረር ስለማይወጣም ቶሎ አይነቃም። ኤረር የሚወጣባቸውን ደግሞ መልእክቱን ቃል በቃል ገጹ ላይ አስቀምጥ፤ ሰው ሰርች የሚያደርገው እሱን ነው።

መልስ 3፦ ስለ ቀለሙ፦ ከቀይ (255, 0, 0) ወደ አረንጓዴ (0, 255, 0) ሲኬድ እያንዳንዱ ቻናል (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ለብቻው ስለሚሰላ መሃሉ (128, 128, 0) ገደማ ይሆናል፤ የደፈረሰ ቢጫ። 0.5 ላይ (255, 255, 0) ብታስገባ ይስተካከላል። ማዞርም እንዲሁ ነው፤ ከ350 ዲግሪ ወደ 10 ብትል 340 ዲግሪ ወደ ኋላ ይዞራል። 370 ብለህ ጻፈው።

ጠያቂ፦ ኢዚንግስ (እንቅስቃሴው የሚፈጥንበትና የሚቀዘቅዝበት መንገድ) እዚሁ ገጽ ላይ ይግባ?

መልስ 1፦ በአንድ አንቀጽ፣ ከነማስጠንቀቂያው። ኢንተርፖሌሽኑ ውስጥ የተሰጠ ኢዚንግ በየቁራጩ ለብቻው የሚሠራ ከሆነ፣ ባለ ሦስት ነጥቡ ምሳሌ 100 ላይ ሲደርስ ቀዝቀዝ ብሎ እንደገና ይነሳል። አብዛኛው ሰው ይህን አይፈልገውም፤ ኢዚንጉን እሴቱን በሚነዳው ታይሚንግ ላይ እንዲያደርገው ምከር፣ ኢንተርፖሌሽኑ ሊኒየር (ያለ ኢዚንግ፣ ቀጥ ያለ) ይቆይ።