ዶክተሩ የዶናን ትዝታ ማጥፋቱ ልክ ነበር?

የአቶቴ ልጅ፦
ሰላም ወገን። የ«ዶክተር ሁ»ን (በጊዜና በጠፈር ስለሚጓዝ፣ ሰው መሳይ ግን ሰው ስላልሆነ ዶክተር የሚያወራው የእንግሊዝ ተከታታይ ነው) 4ኛ ሲዝን ያልጨረሳችሁ እዚህ ጋ ተመለሱ። መጨረሻውን ነው የማወራው።

የማየው ከአባዬ ጋር ነው። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጠፈር ምናምን ግድ አይሰጠውም። ብረት ለበሶቹ የዶክተሩ ጠላቶች፣ ዳሌኮቹ፣ ሲመጡማ «እነዚህ በርሜሎች ደረጃ እንዴት ሊወጡ ነው?» እያለ ይስቅባቸዋል። የዶክተሩን የጉዞ ጓደኛ ዶናን ግን ወደዳት። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በጊዜያዊነት የምትሠራ ተራ የለንደን ሴት ናት። አፏ አያርፍም። ዶክተሩን ያን ሁሉ ዕድሜውን ይዞ ትቆጣዋለች።

በፈረንጆቹ 2008 በወጣው የሲዝኑ መዝጊያ የዶክተሩ አእምሮ ወደ እሷ ይገባል፤ የዳሌኮቹንም ሴራ ወዲያው የምታከሽፈው እሷ ናት። ግን የሰው ጭንቅላት ያን ሁሉ አይችልም፣ ሊገድላት ነው። ስለዚህ ዶክተሩ ከእሱ ጋር ያየችውን በሙሉ ያስረሳታል። ወደ ድሮ ኑሮዋ እንዳይመልሳት እየለመነችው!

ልክ እዚያች ጋ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። አባዬ ሻማ ለኮሰና «በይ ጨርሺው» አለኝ። ነገርኩት።
«እና ሳያስፈቅዳት?»
«ትሞት ነበር እኮ አባዬ።»
«ትሙት መች አልኩ? ሳያስፈቅዳት ወይ ነው ያልኩሽ።»

ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። ባለፈው አሞራ ገደል ሄደን፣ ዓሣው ተጠብሶ ሳይመጣ አባዬ ጀመረኝ። እኔ ሰውዬው ምን ምርጫ ነበረው ባይ ነኝ። እናንተስ? ደግሞስ ይሄኛው ከቀድሞዋ የጉዞ ጓደኛው ከሮዝ ስንብት በላይ ለምን አመመኝ?

ፍላሽ በፒያሳ፦
ፊልም የምጭነው እኔ ስለሆንኩ ለቅሶውንም የምሰማው እኔ ነኝ። የ2006ቱን ሮዝን ያየ ሁሉ ዓይኑ አብጦ ነው የሚመጣው። ሮዝ ሌላ ዓለም ውስጥ ቀርታለች፤ ዶክተሩ አንድ ፀሐይ አቃጥሎ ምስሉን እዚያ ያለው ኖርዌይ ባሕር ዳርቻ ይልክላታል፤ የመጨረሻዋን ነገር ሳይላት ይጠፋል። ያሳዝናል። ሮዝ ግን ያጣችውን ታውቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። ዶና ምን እንደቀረባት እንኳ አታውቅም። ዶክተሩ እቤቷ ቆሞ እሷ ስልክ ላይ ሐሜቷን ታስነካዋለች፣ ዞር ብላም አታየው። ያመመሽ እሱ ነው።

በመብራቱ ጉዳይ ግን አይዞሽ፣ እኛም ሱቅ ያው ነው።

ተረኛዋ፦
እህቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ከአባትሽ ጋር ነኝ። ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ አንጠይቅም፣ እንረዳዋለን። አፉን ከፍቶ «አልፈልግም» ያለን ግን የሚመጣበትን ነግረን፣ ለምነን፣ እምቢ ካለ አስፈርመን እንለቃለን። ስንቱ ፈርሞ ሲወጣ አይቻለሁ። ያንገበግባል፣ ግን መብቱ ነው።

አንድ የምትሟገችበት ነገር ልስጥሽ። ዶና መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ላይ ተይዛ ደጋግማ ትላት ነበር። አእምሮዋ መሳት ጀምሯል ማለት ነው። እዚያ ላይ ቢነካት ኖሮ እኔም ባልፈረድኩበት። ግን ተመልሳ ረጋ አለች፣ የሚሆነው ገባት፣ ገብቷት ነው እምቢ ያለችው። ስለዚህ ከአባባ ጋር ብዙ አትድከሚ።

የአቶቴ ልጅ፦
ተረኛዋ፣ ይሄንን ለአባዬ ባነብለት ምሳ ጋብዟት ይለኛል። እሱ ግን የዶናን እናትም አልለቀቃትም። ዶክተሩ ልጅሽ ለአፍታ በዓለም ትልቋ ሴት ነበረች ሲላት፣ ለእኔ አሁንም ናት፣ ልጄ ናት አለችው። ዶክተሩም እስቲ አንዳንዴ ለራሷ ንገሪያት አላት። አባዬ ለዚህች ብቻ ዶክተሩን ይቅር ሊለው ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ነባሩ፦
እኔ ግን ገርሞኛል፣ ማናችሁም የ2023ቱን አላነሳችሁም። ለተከታታዩ 60ኛ ዓመት የመጡት ያው ደራሲው ራስል ቲ ዴቪስ፣ ያው ዶክተሩን የተጫወተው ዴቪድ ቴናንት፣ ያቺው ዶናን የተጫወተችው ካትሪን ቴት ናቸው። ዶና አግብታ ወልዳለች። ለንደን ልትጠፋ ስትል ዶክተሩ ትዝታዋን ሊመልስላት ግድ ይሆንበታል፤ ከመለሰው ደግሞ ትሞታለች። ያን ጊዜ ግን ነገራት። ልጇ ታች አደጋ ላይ ናት፣ እሷም እሺ አለች። የአባትሽ ጥያቄ ደራሲውንም ሳያንገበግበው የቀረ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ትሞት አትሞት እንደሆነ አልናገርም፤ ለአባባ እንዳታበላሺባቸው።

የአቶቴ ልጅ፦
አንድ ቃል አልተነፍስለትም! ፍላሽ በፒያሳ፣ ነገ ፍላሽ ይዤ መጣሁ። ጥራቱ ደህና የሆነውን ጫንልኝ፣ ዋጋ ደግሞ እንዳትጨምርብኝ።