ዛሬ ተራ ሰው የሚገዛው ስፖርት መኪና ነገ ሰብሳቢ ይሻማበታል? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ባለሙያዎች)

ጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። የማወራው ስለ ፌራሪና ፖርሽ አይደለም። ውጭ አገር ደመወዝተኛ በዱቤ የሚገዛቸውን ማለቴ ነው፤ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ቶዮታ ጂቲ86፣ መንትያው ሱባሩ ቢአርዜድ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚህ ዋጋ ያወጣሉ ወይስ አሮጌ መኪና ሆነው ይቀራሉ?

ምርጫው ይኸ ነው፦ አሜሪካ ያለ ዘመድ የ2013 ጂቲ86 ገዝቶ እዚያው ያስቀምጥ፣ ወይስ በዚያው ብር እዚህ ደሴ ደህና ቮልስ ወይም ዲኤክስ (አሮጌው ቶዮታ ኮሮላ) ተፈልጎ ይያዝ? (ዓ.ም. ካልተጻፈበት ዓመቱ ሁሉ በፈረንጁ ይሁን።) «ይጨምራል፣ አይጨምርም» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ። ምኑ እንደሚታይና ምኑ እንደሚበላሽ ንገሩኝ።

ቁጥር አይዋሽም

ብዙ መመረቱ ብቻውን ዋጋ አይገድልም። ቮልስ ሜክሲኮ ላይ በ2003 ሲቆም 21,529,464 ደርሶ ነበር፤ ያም ሆኖ የኋላ መስኮቱ ለሁለት የተከፈለው (እስከ 1953 የተሠራው) ዛሬ ብርቅ ነው። መታየት ያለበት ስንት ተሠራ ሳይሆን ስንቱ ሳይነካካ ተረፈ የሚለው ነው።

ርካሽ ስፖርት መኪና የሚያልቅበት መንገድ ሁሌም አንድ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ይንከባከበዋል። ሦስተኛው እጁ ያጠረ ወጣት ነው፤ ማርሚታውን ይቀይራል፣ ዝቅ ያደርገዋል፣ ተርቦ ይገጥምበታል፣ በመጨረሻ ግንብ ላይ ያሳርፈዋል። ቶዮታ ኤኢ86 ከ1983 እስከ 1987 የተሠራ የኮሮላ ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹ የዚያ ትውልድ ኮሮላዎች ወደ ፊት ጎማ ነጂነት ሲዞሩ እሱ በኋላ ጎማ ነጂነቱ ቀረ፤ ሞተሩ 1.6 ሊትር ነው። በዘመኑ ማንም እንደ ቅርስ አላየውም። ወጣቱ በተራራ መንገድ ፈጀው፣ የተረፈው ጥቂት ንጹሕ ተፈላጊ ሆነ። ጂቲ86 አሁን ያንኑ መንገድ እየሄደ ነው። ስለዚህ ሳይነካካ የቀረው ዋጋ ያወጣል ብዬ አምናለሁ፤ «ትንሽ ብቻ የተሻሻለው» ግን አያወጣም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መኪናው አዲስ በ28,000 ዶላር ተገዛ እንበል። ማቆሚያ፣ መድን፣ ባትሪ፣ ዘይትና ጎማ ተደምሮ በዓመት 1,500 ዶላር ብንል በ20 ዓመት 30,000 ነው። ያው 28,000 በ4 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ ደግሞ በ20 ዓመት ወደ 61,000 ይደርሳል። መኪናው ከ91,000 በላይ ካልተሸጠ ኪሳራ ነው ማለት ነው፤ በየዓመቱ ለወጣው 1,500 ወለድ ሳናስብ። ዳትሰን 240ዜድ አዲስ ሲወጣ 3,526 ዶላር ነበር፣ በ2020 መጀመሪያ አንዱ በጨረታ 310,000 ዶላር አወጣ እየተባለ ይወራል። እውነት ነው፣ ተሸጧል። ግን ያ መኪና ኪሎ ሜትሩ እጅግ ጥቂት፣ ሁሉ ነገሩ የፋብሪካ የሆነ አንድ ናሙና ነው። በእሱ የጎረቤትን ዳትሰን መገመት በሎተሪ አሸናፊ የሰፈሩን ደመወዝ እንደመገመት ነው።

ኤምኤክስ-5? በ2016 ሚሊዮን አልፏል፣ ገና እየተሠራም ነው። ይወደዳል፣ ይነዳል፣ አይወደድም (በዋጋ ማለቴ ነው)። ከ1989 እስከ 1997 ከተሠራው ከመጀመሪያው ትውልድ ንጹሑ ብቻ ይለያል።

ጦሳ ሥር

ሐቂቃ ሒሳቡ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ታዲያ ከአዲሶቹ አንድ ምረጥ ብትባልስ?

ቁጥር አይዋሽም

ጂአር ያሪስ። ቶዮታ በ2020 ለራሊ ውድድር ፈቃድ ሲል ያወጣው ነው፦ 1.6 ሊትር፣ ሦስት ሲሊንደር፣ ተርቦ፣ አራቱም ጎማ ነጂ፣ በእጅ ካምቢዮ። ቁም ነገሩ አሜሪካ ውስጥ አልተሸጠም። አሜሪካ ደግሞ እዚያ ያልተሸጠ መኪና ዕድሜው 25 ዓመት ሲሞላ ከደኅንነት ደረጃው ነፃ ሆኖ እንዲገባ ትፈቅዳለች። የኒሳን ስካይላይን አር34ን ዋጋ ካናሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ የ1999ኞቹ መግባት የቻሉት በ2024 ነው። ለጂአር ያሪስ ይህ በር የሚከፈተው በ2045 ነው። ጂቲ86 ግን ሳይን ኤፍአር-ኤስ በሚል ስም እዚያው ሲሸጥ ስለነበር የተከለከለ ፍሬ አይደለም።

ካንዴላ

እኔ የገበያውን አላውቅም፣ የብረቱን ልናገር። የ2013 ጂቲ86 ከሆነ መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩ ይጣራ። ሱባሩና ቶዮታ በ2018 መጨረሻ በቫልቭ ሞላ ችግር መኪናውን መልሰው ጠርተውታል። ሞተሩ ቦክሰር ስለሆነ ቴስታታዎቹ (ቫልቮቹ ያሉባቸው የሞተሩ ራሶች) ግራና ቀኝ ተኝተዋል፤ ሞላ ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት። ሲገጠም የሚቀባው ሲሊኮን ከበዛ ትራፊው ተቆርጦ ካርተር (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት) ውስጥ ይወድቅና የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍነዋል። ከዚያ ግፊት ይወርዳል፣ ብሮንዝ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት) ይበላል። ጥገናው ተደርጓል ከተባለ ካርተሩን አውርዶ ወንፊቱን ማየት ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ሞተር ያድናል።

ሌላው ማቆየቱ ነው። የጂቲ86 በር ላይ የመስታወት ፍሬም የለም፤ በር ሲከፈት መስታወቱ በኤሌክትሪክ ትንሽ ዝቅ ይላል። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ በሩ ከተዘጋ መስታወቱ የበሩን ዙሪያ ላስቲክ እየተጫነ ይቀመጣል፣ ሲከፈትም ይቀደዋል። ስለዚህ ባትሪ ከመንቀል በፊት መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ። ጎማ ላይ የተጻፈችው አራት አኃዝ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናት፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ይጣላል። የፍሬን ዘይት (ዶት 4) መኪናው ባይነዳም በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፣ ውሃ ከአየር ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ዘይት ይዞ ከደሴ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው መሃል ላይ ፔዳሉ ወለል ሲነካ ያየዋል፤ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል ማለት ነው።

ሞተርና ካምቢዮ ግን የትም ይገኛል። ከ20 ዓመት በኋላ መኪናውን የሚያቆመው የኤቢኤስ ሳጥኑ፣ የኤርባግ ኮምፒውተሩና የፊት መብራቱ ነው። እነዚህን ቀጥቅጦ መሥራት አይቻልም።

ኤምኤክስ-5 ከሆነ ደግሞ ከመቀመጫዎቹ ኋላ በሁለቱም ጥግ የሸራው ውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ። በአቧራ ይደፈናል፣ ውሃው ወደ በሩ ሥር ቋት ይገባል፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ላሜራ ከውስጥ ይበላል። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍስሶ ከሥር መውጣቱን ማየት ነው፤ ካልወጣ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም።

ሰኞ ገበያ

ይህ ሁሉ ጥሩ፣ ግን ለወሎ ሰው ጂቲ86 የስልክ ላይ መኪና ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ካልሆነ የቤት አውቶሞቢል እንደማይገባ መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ (1186/2012) በዕድሜ በገፋ መኪና ላይ ክብደቱን ጥሏል። አሜሪካ የተገዛው እዚያው ይቆማል፣ እዚያው ይሸጣል። በሩ ስለተዘጋ ግን እዚህ ያለው ንጹሕ አሮጌ ቤንዚን መኪና ሌላ ትርጉም አግኝቷል። ጋሼ ባለቮልስ ካሉ እሳቸው ይጨምሩበት።

ባለቮልስ

አለሁ ልጄ። ቮልስ የሚገዛ ሰው ቀለሙን አይይ፤ ቀለም ሥር ስቱኮ አለ። ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለህ በላሜራው ላይ አስኪደው፣ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው።

የኋላ መቀመጫውን አንሣ። እዚያ ሥር ሁለት ነገር አለ። መሃሉ ላይ ባለው ጉብታ የሻንሲ ቁጥር ተመትቷል፤ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ካልገጠመ መኪናው ወርቅ ቢሆን ተወው፣ ስም ማዛወር ላይ ትቀራለህ። በቀኝ በኩል ደግሞ ባትሪው አለ። አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፣ ምንጣፉን ገልጠህ በጣት ተጫን። ባትሪው ክዳን ከሌለው የመቀመጫው ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ጫፎቹን ነክቶ እሳት ያስነሣል፤ ወፍራም ላስቲክ አልብሰው። ቀጥሎ በበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን የሙቀት ቱቦ እይ። እሱ ከተበላ የመኪናው ወገብ ሄዷል። በላዩ ላሜራ የተለጠፈበት ሞልቷል፣ እሱ ጥገና ሳይሆን መሸፈኛ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የኋላውን ፑሌ (ቺንጋው የሚዞርበትን) ጨብጠህ ወደ ራስህ ሳበው፣ ግፋው። ክፍተቱ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ 0.15 መጨረሻው ነው። በጆሮ «ቋ» ካለ ሞተር ማውረድ ነው። ቫልቭ በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል፣ ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው፤ የተለየ ማጣሪያ ስለሌለው ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ቀይር። በድሮዎቹ ሦስተኛው ሲሊንደር ከዘይት ማቀዝቀዣው ኋላ ስለሆነ የሞቀ አየር ይደርሰዋል፣ ቫልቭ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው።

አገራችን ላይ የሚረሳው ሞተሩን ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማና ላሜራ ነው። መካኒክ አውልቆ ይጥለዋል፣ «ይተንፍስ» ይላል። አይተነፍስም! ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በላይ ይገባና ጣርማበርን ሲወጣ ይበስላል።

ዋጋን በተመለከተ ቁጥር አይዋሽም የሚለው ልጅ ያለው ትክክል ነው። ቸርኬ ተቀይሮ፣ ኮፈን ተቀድዶ፣ የቆዳ ወንበር ገብቶበት «ሞደፍኩት» የተባለ ቮልስ ለሠርግ ይከራያል እንጂ ሰብሳቢ አይገዛውም።

ጦሳ ሥር

እናመሰግናለን ጋሼ። ዲኤክስስ?

ካንዴላ

ዲኤክስ ከሚባሉት ኬኢ70ን ፈልግ፤ የኋላ ጎማ ነጂ ነው፣ ከኤኢ86 ጋር ከሥር ቅርብ ዘመድ ናቸው። በዚህ ምክንያት ውጭ ያሉ ወጣቶች ኬኢ70ን እየገዙ ሞተር እየቀየሩበት ነው። 1,290 ሲሲ 4ኬ ሞተሩ ቀላል ነው፣ ዕቃውም አይጠፋም። ችግሩ እዚህ አገር ሠርቶ ያላለቀ ዲኤክስ ማግኘቱ ላይ ነው።

ሰኞ ገበያ

አብሽር፣ ይገኛል። ግን ቦሎ ስላለው ብቻ ደህና ነው እንዳትል፤ ቦሎ የወለሉን ዝገት አይነግርህም።

ጦሳ ሥር

ወደ ቮልሱ አዘንብያለሁ። አንድ ብቻ፦ ደሴ ላይ ጭስ ያበዛል፣ ጉልበትም የለውም ይባላል። ካርቡሬተሩ ነው?

ባለቮልስ

ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል ጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፣ ያንን ማንም አይመልሰውም። ጭሱ ግን ይስተካከላል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ካርቡሬተሩ ሶሌክስ 34 ከሆነና ዋናው ዤት (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለቀዳዳ ብሎን) 127.5 ከሆነ 122.5 አስገባ፣ ከሐይቅ ደርሰህ ስትመለስ ካንዴላ ነቅለህ እይ፤ ቡናማ ከሆነ በቃ፣ አሁንም ጥቁር ከሆነ 120። ነጭ ከሆነ ግን አሳንሰህበታል፣ ቫልቭ ያቃጥላል። ኮምቦልቻ ወርደህ የምትቆይ ከሆነም አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው። ቀዳዳውን በመርፌ የሚያሰፋ መካኒክ ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። የወጣውን 127.5 በትንሽ ላስቲክ ጠቅልለህ ከሊብሬው ጋር አስቀምጠው፤ ገዢው አንድ ቀን ይጠይቅሃል።