እናቴ አልማዝ ባለጭራ ዳግም እንዳይወጣባት ክትባት መውሰድ ትችላለች?

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት ትወስዳለች፤ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። በመጨረሻው ቫይራል ሎድ ምርመራ ቫይረሱ አልታየም። ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው።

አምና ጥቅምት ላይ ከግራ ጡቷ ሥር እስከ ጀርባዋ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። መጀመሪያ ቆዳዋ ላይ ምንም ሳይታይ ሁለት ቀን «ያቃጥለኛል፣ ይወጋኛል» አለች። ከዚያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ተሰደረ። ጎረቤት «ሸረሪት ሸንቶባት ነው» ብሎ ቅጠል ተቀባች። ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት በ6ኛው ቀን ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቁስሉ ደረቀ፣ ሕመሙ ግን 4 ወር ቆየ። ነጠላ ሲነካት እንኳ ትጮህ ነበር።

አሁን ደህና ናት። ግን ይመለስብኛል ብላ ትፈራለች። አሜሪካ ያለች እህቴ ክትባት አለው ትላለች። ጤና ጣቢያ ብጠይቅ የለንም አሉኝ። እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ በሻንጣ ይዣለሁ ብላለች። ኤችአይቪ ላለበት ሰው ይሆናል? አንዴ የያዘው ሰውስ ይከተባል?

ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ እናትህን እንኳን ተሻላት። ኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ክሊኒክ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

የሸረሪት ነገር አይደለም። በልጅነት ጉድፍ የያዘው ሰው ቫይረሱ ከሰውነቱ አይወጣም። ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲደክም ይነሣና ያንን ነርቭ ይዞ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ የሚሰደረው ለዚህ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው አደጋው ይቀንስለታል። ሆኖም ኤችአይቪ ከሌለበት እኩያው ይልቅ ተጋላጭ ነው። እናትህ ምንም አላጠፋችም፣ ይህን ንገራት።

ክትባቱ ሺንግሪክስ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። መጀመሪያ 50 ዓመት ለሞላቸው ነበር፤ በ2021 መከላከያቸው ለደከመ አዋቂዎችም ተፈቀደ። በውስጡ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም። ስለዚህ በሽታውን አያመጣባትም። ከዚያ በፊት የነበረው ዞስታቫክስ ግን ሕያው ቫይረስ ነበረው፤ ሰው የሚፈራው ያንን ሰምቶ ይመስለኛል። እሱ በ2020 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል።

አንዴ የያዘውም ይከተባል። ሽፍታው ሙሉ በሙሉ መዳን ብቻ አለበት። ሲዲ ፎሯ (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር) ከ200 በላይ ከሆነና ኤችአይቪው በመድኃኒት ከታፈነ ሰውነቷ ጥሩ መከላከያ ይሠራል። ሁለት መርፌ ነው፤ ሁለተኛው ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይሰጣል። መከላከያው ለደከመ ሰው ሐኪሙ ካመነበት ከ1 ወር በኋላም ይሆናል።

ጤና ጣቢያው የነገረህ እውነት ነው። በአገራችን መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም።

የቢቸና ልጅ፣ ከቨርጂኒያ

እኔም ከቫይረሱ ጋር ነው የምኖረው። 58 ዓመቴ ነው። ሁለቱንም ተወግቻለሁ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ያማል። ክንዴ አብጦ ሁለት ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አልቻልኩም። ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን አመመኝ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። እናትህ ይህን ቀድማ ካላወቀች «መርፌው ገደለኝ» ብላ ሁለተኛውን ልትተወው ትችላለች። አንዱ ብቻ አይበቃም።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ኢንሹራንስ ለሌለው አንዱ መርፌ ከ150 ዶላር ያልፋል።

ፋርማሲስት፣ ባሕር ዳር

በሻንጣ የሚለውን እባካችሁ ተዉት። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በረዶ ከነካው ይጣላል። ሙቀት ካገኘውም አይታመንም። ከአሜሪካ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በመኪና ዓባይን ተሻግሮ ፍኖተ ሰላም እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቡት። የተበላሸ ክትባት ደግሞ በዓይን አይለይም። ተወጋሁ ብላ ትረጋጋለች፣ ግን ምንም የለም።

ሌላም አለ። በሁለት ብልቃጥ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ፈሳሽ። ተደባልቆ ወዲያው ካልተወጋ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ 6 ሰዓት ነው የሚቆየው። እህትህ እናትህን ወደ እሷ ብትወስዳት ይሻላል። ሁለት ወር ከቆየች ሁለቱንም ጨርሳ ትመለሳለች።

እትዬ፣ ከደጀን

ልጄ፣ እኔን ዓይኔ ላይ ነው የወጣብኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ሁሉ «አለባት» ይባል ነበር። ጠባሳዬን እያዩ ቡና የማይጠጡልኝ ነበሩ። ስለዚህ ሻሼን ዝቅ አድርጌ ቤት ዋልኩ፣ ሐኪም ሳላይ። የቀኝ ዓይኔ ዛሬም እንደ ጭጋግ ነው የሚያየው።

በኋላ ተመረመርኩ። ቫይረሱ አለብኝ፣ መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቫይረሱ የሌለባት ታናሽ እህቴም በ70 ዓመቷ ይኸው አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። ስለዚህ የወጣበትን ሰው ሁሉ አትጠርጥሩ። ግንባር ላይ፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ ወይም ዓይን አካባቢ ካያችሁ ደግሞ ያንኑ ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሩጡ።

ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ

እትዬ ያሉት ትልቅ ነገር ነው። ክትባቱ እስኪገኝ ድረስ ዋናው መከላከያ ፍጥነት ነው። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ አሲክሎቪር የሚባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት መጀመር አለበት። ለአዋቂ የተለመደው 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ነው፣ ከ7 እስከ 10 ቀን። ግን ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ። መጠኑ እንደ ኩላሊት አቅም ይለያያል፣ እናታችሁ የምትወስደው መድኃኒት ውስጥ ቴኖፎቪር ካለ ደግሞ ኩላሊቷ መታየት አለበት። ውሃ በደንብ ትጠጣ። 72 ሰዓት ቢያልፍም አዲስ ሽፍታ እየወጣ ከሆነ ኑ።

ሽፍታው እስኪደርቅ ይሸፈን። ጉድፍ ያልያዛት ነፍሰ ጡርና ጨቅላ ሕፃን አይጠጉት፤ እነሱን ጉድፍ ሊይዛቸው ይችላል። ፀበሉን አልከለክልም። መድኃኒቱን ግን ለፀበል ብሎ ማቋረጥ የለም።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለእህቴ ደወልኩላት፣ የሻንጣውን ነገር ተወች። ቪዛው ከተሳካ እናቴ እሷ ጋ 3 ወር ልትቀመጥ ነው። የእትዬን ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት። ረጅም ሰዓት ዝም አለችና «እኔም ለዚህ ነው 6 ቀን የደበቅኩህ» አለችኝ። ቅጠሉን የቀባት ጎረቤት ብቻ አልነበረም ለካ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። 3 ወር ሙሉ መድኃኒቷን ከየት ታገኛለች?

ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ

ቫይረሱ የታፈነላት ስለሆነ የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መውሰድ ትችላለች። ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ወደምትከታተልበት ክሊኒክ ሂዱ፣ የሕክምናዋን አጭር ማጠቃለያ አጽፉ፣ ያን ወረቀት እዚያ ለሚከትባት ታሳያለች። መድኃኒቱን ከነብልቃጡ፣ በምትይዘው የእጅ ቦርሳ ውስጥ ታድርገው። በሚጫነው ሻንጣ አይሁን፣ ሻንጣ ይዘገያል።