ባሕር ዳር ላይ ከሥዕል መኖር ይቻላል? ለካፌ ግድግዳስ ስንት ልጠይቅ?

ሽምብጥ_ቀለም

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ የባሕር ዳር ሰዎች ሐሳብ ስጡኝ።

ሽምብጥ ነው የምኖረው። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ቤት ተቀመጥኩ፤ በዚያው ብሩሹ እጄ ላይ ቀረ። የተዘጋጀ ሸራ ዋጋው አይቀመስም፤ ስለዚህ አቡጀዴ እገዛና እንጨት ላይ ወጥሬ፣ ኮላና ነጭ ቀለም ቀብቼ ነው የምሥለው። በእርግጥ የሚያምር ነገር አይደለም፣ ሰው ሲመጣ ጀርባውን አላሳይም።

ሰሞኑን ፔዳ አካባቢ አንድ ካፌ ግድግዳውን እንድሥልለት ጠየቀኝ። 3 በ4 ሜትር ነው። ታንኳ፣ ዘንባባና አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንዲኖርበት ይፈልጋል። ባለቤቱ "ቀለሙን እኔ እችላለሁ፤ አንቺም ስምሽ ይታወቅልሻል" አለኝ። የእጅ ዋጋ ሳነሳ ስልኩ ጠራ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ስንት ልበለው? ደግሞስ እዚህ ከተማ ከዚህ ሥራ መኖር ይቻላል ወይስ እንደ ሌሎቹ አዲስ አበባ ልግባ? እናቴ ሦስተኛ አማራጭ አላት፤ ባንክ ማመልከት። እሱን እንኳ አትንገሩኝ፣ በየማታው ይነገረኛል።

ታፔላ_ጻፊው

እህቴ፣ ያ ስልክ ለእኔም ብዙ ጊዜ ጠርቶብኛል።

እኔ ታፔላ ስጽፍ የሸበትኩ ሰው ነኝ። የባነር ማተሚያ ሲመጣ ሥራው ሞተብኝና ወደ ግድግዳ ዞርኩ። ስለዚህ ከግድግዳው ልጀምር።

ዋጋው በካሬ ነው። 3 በ4 ማለት 12 ካሬ ነው። ቀለሙን ለብቻ፣ የእጅሽን ለብቻ አድርገሽ ጻፊለት። ብር ከመጥራትሽ በፊት ግን ሄደሽ ግድግዳውን በመዳፍሽ አሻሺው። ነጭ ዱቄት እጅሽ ላይ ከቀረ ከሥር ያለው ኖራ ወይም የሞተ ስቱኮ ነው። በላዩ የቀባሽው ሁሉ ዓመት ሳይሞላው እየተላጠ ይወርዳል፤ ሰው ደግሞ "ሠዓሊዋ አትችልም" ነው የሚለው። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ አበጥ አበጥ ያለ ነገር ካየሽ እርጥበት ነው። ሐይቁ አካባቢ ያሉ ቤቶች ይህ አያጣቸውም። ተፍቆ፣ ደርቆ፣ ፕራይመር የሚባለው የመጀመሪያ ቀለም ተቀብቶ ነው ሥዕል የሚያርፍበት። ይህን የሚሠራው ቀለም ቀቢ ነው፣ የሚከፍለውም ባለ ካፌው። የውጭ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ አትንኪው።

ቀብድ ግማሽ። ቀብድ ሳትቀበዪ እርሳስ እንዳታሳርፊ። ንድፉን አሳዪው እንጂ ትተሽለት አትምጪ፤ ንድፍ አስቀርተው ረከስ የሚል ልጅ የሚጠሩ አሉ። ስምሽንና ስልክሽን ጥግ ላይ ጻፊ። ስምሽ ይታወቃል ካለ ይታወቃ!

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ይቻላል፤ ግን ሥዕል ሰቅሎ ገዢ በመጠበቅ አይደለም። እዚህ የሚከፍልሽ ሰው "ሥዕል ልግዛ" ብሎ ከቤቱ የወጣ አይደለም። ካፌ የከፈተ ነው፣ ሆቴል የሚያድስ ነው፣ ልጁን የሚድር ነው። የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳንም አትናቂ፤ ዝሆንና ፊደል መሣል ቤት ኪራይ ከፍሎልኛል። ዘጌ ላይ፣ ከጀልባው መውረጃ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚወስደው መንገድ፣ ብራና ላይ የተሣለ የሚሸጡ አሉ። እኔም ሸጫለሁ። ቱሪስት ሲመጣ ይበላል፣ ሲቀር ጦም ይታደራል። እሱ ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ።

ኡራ ግን ለሌላ ጉዳይ ሂጂ። ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም፣ ኡራ ትገቢያለሽ። መቅደሱን ዞረሽ ሥዕሎቹን ከቅርብ እያቸው። ግድግዳው ላይ የተሣሉ ይመስላሉ፤ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው፣ ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። አንዳንድ ቦታ ጠርዙ ያስታውቃል። አንቺ በአቡጀዴሽ ያፈርሽ ስለመሰለኝ ነው ይህን የምልሽ። ሥዕሎቹ ላይ ያሉት ደጋጎች በሁለት ዓይናቸው ያዩሻል፤ ክፉዎቹ በጎን ናቸው፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። እኔ እስከዛሬ ሰው ስሥል ይህ ነገር እጄን ይመራዋል።

የባሕር ዳር ሠዓሊ ችግር ገዢ ማጣት አይመስለኝም። እርስ በርስ ዋጋ መስበር ነው። ልጆች በዝተዋል፣ ጎበዞች ናቸው፣ ደስ ይላል። ግን አንዱ ዋጋ ሲቆርጥ ሌላው በምሳ እሠራለሁ ይላል። አንድ ሙሉ ግድግዳ በክትፎ የሠራ ልጅ አውቃለሁ። ተቆጣሁት። "ክትፎው ግን ጥሩ ነበር ጋሼ" አለኝ።

ከጣና_ወደ_ፒያሳ

ጋሼ፣ በዋጋው ነገር እስማማለሁ። እኔ ግን ሂጂ ባይ ነኝ።

ሥዕል የሚሸጥበት ስለሆነ አይደለም። ሥራሽን አይቶ "ይህ ጥላ ከየት መጣ? መብራቱ በግራ አይደለም እንዴ?" የሚልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ባሕር ዳር ሳለሁ ሁሉም ሰው "ዋው" ብቻ ነበር የሚለኝ። አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ነው ያለው። ዐውደ ርእዩም፣ ተቺውም፣ ሐሜቱም እዚያው ዙሪያውን ነው። ኪራዩ ያቃጥላል፣ አልዋሽሽም። ተምረሽ መመለስ ትችያለሽ።

ጥለት

እኔ ደግሞ ሁለታችሁም የረሳችሁትን ልናገር። ይህ ከተማ እኮ የጨርቅ ከተማ ነው! ፋብሪካው ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለ። የሀገር ልብስ ዲዛይን ነው የምሠራው። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲደራረብ ንድፍ የሚያወጣልኝ ሰው አጣለሁ። ሸማኔው እጁ ወርቅ ነው፤ ከሁልጊዜው ጥለት ወጣ እንዲል ግን በካሬ ወረቀት ላይ ክር በክር ቆጥረሽ ልትሰጪው ይገባል። አካውንቲንግ ተምሬያለሁ አላልሽም? መቁጠር አያቅትሽም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ማሲንቆ_በእጄ

በምሽት ሆቴል እጫወታለሁ። እኛ እንኳ ከደመወዛችን ይልቅ ግንባራችን ላይ በሚለጠፈው ሽልማት ነው የምንኖረው፤ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ ሲገባ እሱም ይቀንሳል። ለማንኛውም ለቡድናችን የመድረክ መጋረጃ የሚሥል እንፈልጋለን። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ቴአትር ካለ ግቢና መጋረጃውን እያየሽ ተማሪ። በክትፎ አናሠራም 😄

ውል_ይቅደም

አጭር ነገር ላክል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥዕል መብት እንዲኖርሽ መመዝገብ አይጠበቅብሽም፤ ሥራው ሲፈጠር ይጀምራል። ነገር ግን በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ ላሠሪው ነው የሚሆነው። ካፌው ሥዕልሽን ኋላ ኩባያና ቲሸርት ላይ እንዳያትመው ከፈለግሽ አንድ መስመር ውሉ ላይ አስገቢ።

ሽምብጥ_ቀለም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል ምላሽ አልጠበቅሁም። ጥለት፣ ጽፌልሻለሁ።

ዛሬ ሄጄ ግድግዳውን አሻሸሁት። ጋሼ፣ እጄ ዱቄት የፈጨሁ መሰለ! ለባለቤቱ አሳየሁት፤ ትንሽ ደነገጠ። 12 ካሬ፣ ግማሽ ቀብድ፣ የግድግዳው ዝግጅት በእርሱ ብዬ በወረቀት ሰጠሁት። "ላስብበት" አለኝ። ስልኩ አልጠራም። አዲስ አበባውን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ፣ ኡራን ግን በዚህ ሳምንት አያለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፕራይመር ተወዷል። ለአቡጀዴው እንደማደርገው ኮላ በውሃ በጥብጬ ብቀባውስ? ይይዝ ይሆን?

ታፔላ_ጻፊው

አይይዝም። ዱቄቱ ላይ ኮላ ብትቀቢ ኮላው ዱቄቱን ይዞ ነው እንደ ቆዳ የሚገፈፈው። መጀመሪያ እስከ ልስኑ ድረስ ይፋቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ይድረቅ። ከዚያ ፕራይመር። እሱ ላይ አትቆጥቢ፤ ደግሞ የሚከፍለው ባለ ካፌው ነው፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ?

ሰኞ ጠዋት ፔዳ አካባቢ ሥራ አለኝ። "ላስብበት" ካለ ገና አልሞተም ማለት ነው። ካፌውን በውስጥ መስመር ንገሪኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቡናውን እነሱ ይጋብዙን።