የሐረር ታሪክ ሲጻፍ ጨለንቆና የባሪያ ንግዱም ይግባ?

አወያይ፦ ጀመዓ፣ እንዴት ዋላችሁ? የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። ስለ ሐረር የሚጻፉ መጻሕፍት የባሪያ ንግዱን፣ ምኒልክ የከተማዋን ገዥ አሚር አብዱላሂን ድል ያደረጉበትን የጨለንቆ ጦርነት፣ የአሚር መሐመድን ግድያ በግልጽ ያውጡ? ወይስ ለልጆችም ለጎብኚም ሲባል ይለፉት?

ከሸዋ በር፦ ይለፉት ባይ ነኝ። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማችን ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ከዚያም በፊት ከተማችን በሰላም ተሸልማለች። እዚህ ጎረቤት ከጎረቤቱ ቡና ይጠራራል። ጨለንቆን ቆስቁሶ ሰው ማቃቃር ምን ይፈይዳል?

ከከዚራ፦ ኸረ አቦ! እኛ ዝም ስንል ሌላው ይጽፈዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ፎርጅድ ደብዳቤ ይዞ ገባ፣ ዐሥር ቀን ቆየ፣ በዓመቱ መጽሐፍ አወጣ። እስከ ዛሬ ስለ ሐረር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ያሳፍራል።

ከመኪና ግርግር፦ እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እዚህ ለጎብኚ የሚሸጡትን መጻሕፍት ገልጣችሁ እዩ። እዚህ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ገጽ በገጽ፣ ጅብ ገጽ በገጽ። እ.ኤ.አ. በ1875 ግብፆች ገብተው አሚር መሐመድን አስገደሉት፣ ዐሥር ዓመትም ገዙን። እሱ ግን በአንድ መስመር ያልፋል። «የራምቦ ቤት» የሚባለው ራሱ ሰውዬው ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው።

ጅቡስ ቢሆን? ማታ እየገባ ቆሻሻ እንዲያነሳ ግንቡ ላይ ቀዳዳ ተትቶለታል። በዓሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። አበላሉ ታይቶ የዓመቱ ነገር ይገመታል። ይህን የጻፈ ሰው ከተማዋን ያውቃታል። «ከሰው አፍ ሥጋ ይነጥቃል» ብሎ የሚያቆመው ግን ለፎቶ የመጣ ነው።

ከሸዋ በር፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ግን ልጄ ሰሞኑን «ሐረር የተያዘችው ራምቦ በሸጠው ጠመንጃ ነው» እያለ መጣ። ቂም የሚዘራው እንዲህ ያለው ነው።

ከመኪና ግርግር፦ ጋሼ፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ጨለንቆ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ጥር 1887። የራምቦ ጠመንጃ ደግሞ ከታጁራ ወደብ ተጭኖ አንኮበር የገባው በፈረንጆቹ የካቲት ነው። ምኒልክ ያኔ ገና ከሐረር ዘመቻ አልተመለሱም። አሚር አብዱላሂ በዚያ ጠመንጃ አልተሸነፉም። ልጅዎ ይህን የሚያነብበት መጽሐፍ ቢያገኝ የሰፈር ወሬ ይዞ አይመጣም ነበር።

ከከዚራ፦ የባሪያ ንግዱም እንዲሁ ነው። ወደ ዘይላና በርበራ ወደቦች የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም የሚያወርደው። ሰውም እየተነዳ ወርዷል። ይህን ዘሎ ስለ ንግድ ከተማነታችን መኩራራት አይሆንልኝም።

ከሸዋ በር፦ የማን አያት ሸጠ፣ የማን አያት ተሸጠ ሊባል ነው እኮ!

ከመኪና ግርግር፦ የማንም ቤት ስም አይጠራ። መንገዱ፣ ገበያው፣ ቀረጡ፣ ማን እንደፈቀደው ይጻፍ። የተሸጡትም ሰዎች እንደ ሰው ይጻፉ፣ እንደ ዕቃ ዝርዝር አይሁን።

ከሸዋ በር፦ እንደሱ ከሆነ እሺ። ግን የሐረሪው፣ የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የአማራው ሽማግሌ ሁሉ በየቋንቋው ይጠየቅ። ከአንድ ወገን ብቻ ተሰምቶ የሚታተም ከሆነ አሁንም አልቀበልም።